የቆለፈ ይክፈት

ግላድስተን፣ ማርች 9

ለምወድሽ ልጄ ለቴጋን፣

ኖርዌይ እንዴት ይዞሻል? ብርዱ ቀነሰልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ ምላሴ ግን ጤነኛ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ «እማዬ፣ ለጡረታሽ ስምንት ወር ነው የቀረው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልሽኝ። የዚህ አገር ዝንብ በአፍንጫም ይገባል የኔ ልጅ። ዝም አላልኩም።

ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣው ሦስተኛው ማሽናችን፣ ደመና በመጣ ቁጥር ራሱን ያጠፋል። የፀሐይ ኃይሉ ሲደክም ሃይድሮጅኑ ሁለቱን ጋዞች በሚለየው ስስ ሽፋን ሾልኮ ከኦክስጅኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ያ ደግሞ ፈንጂ ነው። ስለዚህ የሾለከው ሁለት ከመቶ ሲደርስ ማሽኑ ይቆምና ሆዱን በናይትሮጅን ያጥባል። የተሠራው እንዲህ እንዲያደርግ ነው። አለቃችን ዳሪል ግን ሐሙስ ገዢዎች ስለሚመጡ «የጋዝ መለኪያው ሴንሰር ውሸታም ነው፤ እሱን በሽቦ ዘለን ማሽኑን እናስነሳው» አለ። ልኩ በታወቀ ጋዝ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ሽፋኑ ነው የሳሳው።

ትናንት ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ፣ ስሜና ፎቶዬ ያለበትን ቀይ ጓጉንቸር ቆለፍኩበት። በኛ ሥራ የቆለፈ ራሱ ነው የሚከፍተው።

«ግሌኒስ፣ ክፈቺው» አለኝ ዳሪል።

«ሽፋኑን ቀይር፣ እከፍታለሁ።»

«ሁለት ሳምንት ይፈጃል እኮ።»

«እንግዲያው ቁረጠው። ግን መጀመሪያ ማሽኑ ደህና ነው ብለህ በስምህ ፈርም።»

እስክሪብቶ አላነሳም። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ። አምስቱ ባልደረቦቼ መሬት መሬት ያያሉ። ከዳሪል ይልቅ የነሱ ነገር አንገበገበኝ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ታውፋ ደወለ። ያ ጥርስ የማያስከድነው፣ «አክስቴ» የሚለኝ ቶንጋዊ ባልደረባዬ፣ ነግሬሻለሁ።

«አክስቴ፣ ዳሪል መቁረጫ ይዞ መጣ።»

«ቆረጠው?»

«የቱን ይቁረጥ? ያንቺን? የኔን? የነኮሊንን የአራቱን? ማታ ስንወጣ ሁላችንም ቆልፈንበታል። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ብረት ስድስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ የጽዳቷ ሪታ የብስክሌቷን ሰንሰለት ይዛ ቦታ አጥታ ቆማለች።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሐሙስ ገዢዎቹ ሲመጡ የሚያዩት የቆመ ማሽንና ስድስት ፎቶ ነው። ማንም ሳይቃጠል ይዩት።

ከእንግዲህ በቤት ስልክ ደውዪልኝ፤ የሥራውን ከመታወቂያዬ ጋር ተቀብለውኛል። ስምንቱን ወር ረስቼው እንዳይመስልሽ፤ እየቆጠርኩ ነው የቆለፍኩት።

ባለሽበት ሰላም ይጠብቅሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ።

አንገቷን ያልደፋች እናትሽ፣
ግሌኒስ