የቁንጮ መርፌና የሎጊት ዳቦ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለ ወይስ አሁንም ያኮርፋል? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ የሚያስቸግረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ባለፈው በስልክ፣ ሰው ቁመቱ ከላይ ተሰፍሮለት ነው የሚመጣው፣ ልጁን በመርፌ አታሰቃየው ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። በስልክ አንቺን መርታት ስለማይቻል በወረቀት መጥቻለሁ። መንታዎቹ ይኸው ስምንት ዓመት ሞላቸው። ሎጊት እንደ ስሟ ተመዘዘች፤ ወንድሟ ቁንጮ ግን ትከሻዋ ላይ ቀረ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ የእድገት ሆርሞን የሚሉት ነገር በልጁ ሰውነት ውስጥ እንደሚገባው አይመነጭም። ስለዚህ በየማታው ከመኝታ በፊት እቤት በመርፌ እንሰጠዋለን።

መርፌው ብታዪው እስክሪብቶ ነው የሚመስለው። ነርሷ መጀመሪያ ብርቱካን ላይ አለማመደችኝ። ቀኑን ሙሉ ጎማ ውስጥ አየር ስሞላ የምውለውን ሰውዬ፣ እዚህ አየሩን አስወጣ አለችኝ! አንድ ቀን ጭኑን፣ አንድ ቀን መቀመጫውን እያቀያየርኩ እወጋዋለሁ። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ግን አለቀለት። አመሌን ታውቂዋለሽ፣ ካልጠየቅሁ አይሆንልኝም፤ ይቺ ጠብታ ከጭኑ ተነሥታ የአንገቱን አጥንት እንዴት ታገኘዋለች እያልኩ ነርሷን አሰልችቻታለሁ። ብቻ ከጥቂት ወራት በኋላ ጫማው ጠበበው። ወንድ እልል አይልም እንዳትዪኝ፣ እልል ብያለሁ።

ግራ ያጋባችኝ ሎጊት ናት። መርፌው ለእሱ፣ መክሳቱ ለእሷ ሆነ። ጉንጯ ሟሸሸ፤ እራት ሲቀርብ ጠገብኩ ማለት አመጣች። እናታቸው ወስፋት ነው ብላ አስመረመረቻት፤ ምንም የለም። እኔም አስተማሪዋን ጠየቅሁ፤ ከማንም አልተጣላችም አሉኝ። እንግዲህ ቀዳዳ ፍለጋ ሥራዬ አይደል? ዓርብ ዕለት ስልኬን የማይ መስዬ እራት ላይ አደፈጥኩ። ለካ ዳቦዋን በጠረጴዛው ሥር ለቁንጮ ታቀብለዋለች! እሱ መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ እንደ አንበጣ ነው፤ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ሳህኑ ሳይነሣ ለብቻዋ ጠርቼ ስጠይቃት እንባዋ ቀደማት። ሐኪሙ እኮ ቁንጮ ያድጋል ብሏል፤ እኔም ካደግኩ መቼ ይደርስብኛል? ባለሁበት ቆሜ ልጠብቀው ብዬ ነው አለችኝ። እትዬ፣ የአንዱን ቁመት ሳሳድድ ሌላዋ ልትቀጭጭብኝ ነበር እኮ!

ቁንጮ በሩ ሥር ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። የሚያቅፋት መስሎኝ ነበር፤ የምን ማቀፍ! ማን ጠብቂኝ አለሽ፣ ሮጬ ነው የምደርስብሽ ብሎ ጮኸባት። ከእራት ሳህኑ ዳቦውን አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠና፣ ወደ እኔ ዞሮ እሷ ካልበላች እኔም አልወጋም ብሎ ሱሪውን ጨብጦ ያዘ። እኔ ለማታው ያወጣሁትን መርፌ እንደያዝኩ ተገተርኩ። ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፤ በማን እንደወጡ አንቺ ታውቂያለሽ። ዛሬ ሳይወጋ ሊያድር ነው ብዬ ስፈራ፣ እሷ ቆረሰችና ጎረሰች። እሱም ጭኑን ሰጠኝ።

መድኃኒቱ እንዳይፈስ፣ ገፍቼ ከጨረስኩ በኋላ እስከ አሥር ተቆጥሮ ነው መርፌው የሚነቀለው። ቆጣሪዋ ሎጊት ናት። የዚያን ዕለት አፏን በዳቦ ሞልታ ስለቆጠረች ሦስትና አራቱን መለየት አቃተኝ። እስክትውጥ ጠብቄ ነቀልኩ።

ለጋሼ እጅ ነሥቷል በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ፈተናው ቀናሽ ወይ በያት፤ የትንሹን ጉንጭ ሳሚልኝ። የልጆቹ እናት ሰላምታዬ ከእሱ ይበልጣል በልልኝ ብላለች። ሎጊትና ቁንጮ ጉልበትሽን ይስማሉ፤ ማን ቀድሞ ይስማል ብለው ግን አሁንም እየተጣሉ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ ጎሚስታው
ከጎማ ቤቱ ጓሮ፣ እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን