እትዬ ማንቀረና በአንድ ስልክ የተዋጡት ሰዎች

ልብስ ሰፊው በስልካቸው የደረሳቸውን መልእክት ደጋግመው አነበቡና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ተነሡ። «እንኳን ደስ አለዎት፤ ስምንተኛ ወርዎን ይዘዋል። ከባድ ዕቃ አያንሡ፤ በጎንዎ ይተኙ» ይላል። ልብስ ሰፊው ጢማቸው ጥቅጥቅ ያለ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ትንሽ ቀድሞ የሚሄድ አባወራ ናቸው። አንድ ሰው በሆዳቸው እየተሳለቀ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠሩም። መልእክቱ የመጣው ከጤና ጣቢያው ነው። በመንገዳችን ላይ የጤና ነገር የሚያጠና ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ተሻግረው፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእትዬን በር ደበደቡ።

«እትዬ፣ እንደማከብርዎት ያውቃሉ። ግን መሥሪያ ቤትዎን ከሆዴ ጋር ምን አገናኘው?»

እትዬ አነበቡት። የበሩን ጠርዝ ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ድንገት ተቋረጠ።

«ቆይ እስቲ፣ በዚህ ስልክ ሌላ የተመዘገበ ሰው አለ እንዴ?»

«ያልተመዘገበ ማን አለ ብለው ይጠይቁኝ እንጂ!» አሉ ልብስ ሰፊው።

በሰፈራችን «የልብስ ሰፊው እርግዝና» እየተባለ የሚሳቅበት ይህ ነገር፣ እትዬን ካስከበራቸው ሥራ ሁሉ የትልቁ መነሻ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን በወጉ ከልደት እንጀምር።

እትዬ የተወለዱት ከአናጢ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩ እናታቸው ነው። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ዛሬ ከፊት የተቀመጡት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ታላቅነታቸውንም እስከ ዛሬ ለማንም አላስረከቡም። ገበታ ሲቀርብ ትንሿ እትዬ ማንኪያቸውን ከማንሣታቸው በፊት የተቀመጠውን ሁሉ አንድ በአንድ እያዩ «ማን ቀረ?» ይሉ ነበር። አባታቸው አንድ ቀን መረራቸውና፣ «አንቺ ስትቆጥሪ ሾርባው ቀዘቀዘ! የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ቁጭ በይ!» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ማንቀረ» ሆነ። ዕድሜና ክብር ሲመጣ እኛ «እትዬ» ጨመርንበት እንጂ አልለወጥነውም።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ እናታቸው ሥራ እስኪጨርሱ የሚጠብቁት በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ሕመምተኞች ወረፋ በሚይዙበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። የቤት ሥራቸውን የሚሠሩ መስለው ማን እንደሚጠራና ማን እንደሚታለፍ ያያሉ። ጫማው የሚያብለጨልጨው ገና ከመቀመጡ ይጠራል፤ ሳል የሚያጣድፈው ሽማግሌ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ ያንቀላፋል። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚጠራው የባሰበትን ነው ወይስ የሚያውቀውን?» ብለው ጠየቁ። እናታቸውም፣ «ይህን ጥያቄ እሱ ፊት እንዳትደግሚው፤ ሥራዬን ገና እፈልገዋለሁ» አሏቸው። እትዬ እናታቸውን አክብረው ጥያቄውን ለጊዜው አቆዩት። ካደጉ በኋላ ግን ሐኪም፣ ኃላፊና ሚኒስትር ፊት ሳይደግሙት የቀሩበት ቀን ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በሕዝብ ጤና ተመረቁ። ቀጥለውም ቁጥርን አስሮ የሚያናግረውን የስታቲስቲክስ ትምህርት ተምረው እስከ ዶክትሬት ደረሱ። ታላቅ እህታቸው በምረቃው ዕለት፣ «ይኸው ተምረሽ ተምረሽ አለቀ። አሁን ደኅና ቢሮ ይዘሽ ትቀመጫለሽ» ቢሏቸው፣ እትዬ «እቀመጣለሁ እንጂ» አሉ። የተቀመጡትም በየጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ፣ ከሕመምተኛው ጎን ነበር። ባልደረቦቻቸው ጥናታቸውን ከኮምፒውተር ፊት ሲሠሩ እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ይጠይቁ ነበር። ቢሮ ሄዶ ያገኛቸው ሰው ዕድለኛ ነው።

ትዳራቸውም ከዚሁ ጠባያቸው የተገኘ ነው። በሃያ ሰባት ዓመታቸው በአውቶቡስ ሲሳፈሩ አንድ አዛውንት ከኋላ እያዘገሙ ሲመጡ አዩና በሩ እንዳይዘጋ አንድ እግራቸውን መሬት፣ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ቆሙ። ሾፌሩ በመስተዋት አዩዋቸው።

«እመቤቴ፣ አውቶቡሱ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም። የእሳቸው ነው» አሉ እትዬ ወደ አዛውንቱ እየጠቆሙ።

ሾፌሩ መልስ አጡ። መልስ እየፈለጉም በዚያው መንገድ ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ ለትዳር ጠየቁ። በሠላሳ ዓመታቸው ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው እስከ ጡረታቸው ድረስ፣ «ከእሷ ጋር የተከራከርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ተሸንፌ ነው የጀመርኩት» እያሉ ሲያስቁን ኖረዋል።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው ስልክ እንመለስ። በዚያን ጊዜ የጤና አገልግሎት ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ነበር። ሕመምተኛ በስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ሁኔታ አይቶ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት ይወስናል፤ ከዚያም በመልእክት ይጠራል። ሐሳቡን ማንም አይጠላውም፤ እትዬም አልጠሉትም። ነገር ግን ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ስልክ በኪስ እንደሚኖር እንጂ በሰፈር መካከል እንደሚኖር አያውቁም ነበር። በእኛ ሰፈር ሁልጊዜ የሚነሣው ስልክ የልብስ ሰፊው ነው፤ ከሱቃቸው አይጠፉማ። ስለዚህ አማታቸው ለስኳር ሕመማቸው በልብስ ሰፊው ቁጥር ተመዘገቡ። ጫማ ሠሪው ለሳሉ በዚያው ተመዘገበ። በመጨረሻም የጓሮ ተከራያቸው ነፍሰ ጡር እዚያው ተመዘገበች። ልብስ ሰፊው «ጥሪ ሲመጣ እጮህላችኋለሁ» ብለው ቃል ገብተው ነበር። ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ስልክ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ የኋለኛው በተመዘገበ ቁጥር የፊተኛውን ይውጠዋል። መጨረሻ የተመዘገበችው ነፍሰ ጡሯ ስለነበረች ልብስ ሰፊውን ጭምር ውጣ ብቻዋን ቀረች። የልብስ ሰፊው ሚስት ይህን ሲሰሙ፣ «እኔ ወልጄ ያላሳደግኩት ምን ቀርቶ ነው አንተ የምታረግዘው?» ብለው ሰፈሩን በሳቅ ጨረሱት።

እትዬ ግን አልሳቁም። «እናንተ፣ አማትየዋ መቼ ነው የተጠሩት?» አሉ። ለካስ የእግራቸው ቁስል እያመረቀዘ «ተራዬ ገና ነው» እያሉ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። እትዬ ባለቤታቸውን አስነሥተው አማትየዋን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገዩ እግሩ ይቆረጥ እንደነበር ተናገረ። እግሩ ዳነ። አማትየዋም በሁለቱም እግራቸው ቆመው አማቻቸውን ለብዙ ዓመት ተቆጧቸው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዕረፍት አላወቁም። በየሰፈሩ፣ በየበሩ እየዞሩ ማን በማን ስልክ እንደተዋጠ ጠየቁ። ሚስት በባል፣ እናት በልጅ፣ ማንበብ የማይችል በሚችል ጎረቤቱ ተውጦ ተገኘ። የባሰውን ነገር ያዩት ውጤቱን ሲደምሩ ነው። የታመሙት ከመዝገቡ ስለጠፉ ኮምፒውተሩ የድሆቹን ሰፈሮች «እጅግ ጤነኛ» ብሎ፣ ጤና ባለሙያ የማያስፈልጋቸው አድርጎ አስቀምጧቸዋል። የእኛ መንገድማ አንደኛ ወጥቶ ነበር። እትዬ ይህን ሲነግሩን ጫማ ሠሪው እየሳለ፣ «ታዲያ ዋንጫው የታለ?» አለ።

ሥርዓቱ በአገሩ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ሊዘረጋ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እትዬ ይቁም አሉ። የጊዜው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ሥርዓቱ ዝግጁ ነው ብለው እንዲፈርሙ፣ አለዚያ ጥናታቸው እንደሚዘጋ ነገሯቸው። አልፈረሙም። ጠረጴዛቸው ከመጋዘኑ ጎን፣ አሮጌ አልጋ ወደሚቆለልበት ክፍል ተዛወረ። ባለቤታቸው፣ «እንግዲህ ሲደክምሽ ጋደም ትያለሽ» ብለው አጽናኗቸው። ያኔ እትዬ የፈሩት ለወንበራቸው አልነበረም። ጥናቱ ከተዘጋ አማትየዋን የመሰለ ሕመምተኛ በየቤቱ «ተራዬ ገና ነው» እንዳለ እንደሚቀር ያውቁ ነበር።

በመጨረሻው ስብሰባ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሥርዓቱ በግድግዳው ላይ በትልቁ በርቶ ነበር። ኃላፊው፣ «ይህ የጥቂት ሰፈሮች ችግር ነው። ሰው ሁሉ ለየራሱ ስልክ ይያዝ» ብለው ሊዘጉት ሲሉ እትዬ እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እናትዎ የሚከታተሉት ሕመም አለ?»

«የደም ግፊት አላቸው። ምነው?»

«በማን ስልክ ነው የተመዘገቡት?»

«በእኔ ነዋ። እሳቸው መልእክት የት ያነባሉ!»

«እርስዎስ?»

ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ሳይታዘዝ የኃላፊውን ስልክ ቁጥር አስገባ። ግድግዳው ላይ የሰማንያ ዓመት እናት ብቻ ወጡ። ልጃቸው የትም አልነበሩም።

«እንግዲህ» አሉ እትዬ በትሕትና፣ «በሥርዓቱ መሠረት ኃላፊያችን የሉም። ስብሰባውን ማን ይዝጋው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ኃላፊው ራሳቸው ተነሥተው፣ «እስኪስተካከል አይዘረጋም» አሉ። በዚህ ትልቅነታቸው እናመሰግናቸዋለን፤ ዛሬም በመካከላችን ስላሉ ስለ ሳቃችን ይቅር ይበሉን። ከዚያ ወዲያ ለእትዬ ሥራ ቀኝ እጅ የሆኑት እሳቸው ናቸው።

አንድ ስልክ ብዙ ሰው እንዲይዝ ተደረገ። ማንበብ ለማይችል ጥሪው በድምፅ እንዲደርሰው ሆነ። ለጥሪ መልስ ያልሰጠ ሰው ከመዝገብ በመሰረዝ ፈንታ በሩ ይንኳኳለት ጀመር። ተራም በሕመሙ ክብደት እንጂ በትውውቅም በማዕረግም እንዳይቀደም ተደነገገ። አዲስ ነገር ሲሠራም አስቀድሞ የሚሞከረው አገልግሎቱ ላይደርሳቸው ይችላል ተብሎ በሚሠጋላቸው ሰዎች ዘንድ ሆነ። ይህ ሥራ ከአገር አልፎ በብዙ አገሮች ተወሰደ። እትዬም እየተጠሩ ሄደው አስተማሩ፣ ተሸለሙ፣ ዛሬ በየቦታው ወረፋ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ተመራማሪዎችን አፈሩ። በሽልማቱ መድረክ ላይ ሆነው እንኳ አስተናጋጆቹ ወንበር እንዳላገኙ አይተው ንግግራቸውን አቋርጠዋል። ተሸናፊ ሆነው አያውቁም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ግን ተሸንፈው እዚያው የቀሩበትን ቀን እኛ ጎረቤቶቻቸው አላየንም።

እትዬ ማንቀረ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው አልጋቸውን ከቦ ሳለ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተዋል። ሰፈራቸውንም ትተዋል፤ ልብስ ሰፊው ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው ስልካቸውን ግን ክፍት አድርገው መጥተዋል። ማንንም ከደጅ ማስቀረት ያልወደደች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰፊ ደጁ ይቀበልልን፤ ለቀሩትም ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን።

ቤተሰቡ ሳይነገር እንዳያልፍ ያለው አንድ ነገር አለ። ሕመሙ ገና ሲጀምራቸው፣ ታላቅ እህታቸው ለምርመራ ይዘዋቸው ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ነበር። ከፊታቸው ትንፋሽ ያጠራት ልጅ የያዘች እናትና ሌሎች የባሰባቸው ሰዎች ነበሩ። እትዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ፤ እህታቸው ግን መዝጋቢዋ ዘንድ ቀርበው ጠረጴዛውን መቱ።

«የኔ ልጅ፣ እዚያ ያስቀመጥሻት ሴት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ይህን ሥርዓት ያመጣችው እኮ እሷ ናት!»

መዝጋቢዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ፣ «እንግዲያውማ ለምን እንደምትጠብቁ እሳቸው ያስረዱዎት» አለች።