ሙባረካ ስላልተፈተነቻቸው ሁለት ፈተናዎች

ሐምሌ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.
ቦንጋ

ለተከበሩ ወይዘሮ የሺሃረግ
የልጆቻችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት

ክብርት ሆይ፣

ጤና መጠየቅ የአፍ ልማድ መሆኑ ቀርቶ በማኅተም የተደገፈ ማስረጃ የሚቀርብበት ጉዳይ እንዲሆን ያደረጉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ምክትልዎ፣ የቢሮዎ ጸሐፊና ማኅተሙ ራሱ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል እላለሁ። እኔና ቤተሰቤ ደኅና ነን። ልጆቼ ደኅና ለመሆናቸው ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ወረቀት አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያ ወረቀት ነው።

ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና በወላጆች ቴሌግራም ላይ ስለሚወጣ፣ ለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ኢሳያስ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከልጆቻችሁ ዩኒፎርም ግማሹን ያህል፣ በዚህ ዓመት ደግሞ ጆሮ የሚቆርጠውን የጨርቅ ማስክ የሰፋሁት እኔ ነኝና ስለ ሁለተኛው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማርቲ የምትባል አምስተኛ ክፍል፣ አብነት የሚባል ሁለተኛ ክፍል ልጆች አሉኝ። ከሥራ ቤቴ ጎን የወይዘሮ ሀፍሳ ሱቅ አለ። ባለቤታቸው አቶ ሉቅማን ዕቃ እያመላለሱ ዋጫ ከተማ ስለሚውሉ ሱቁንም ልጆቹንም የያዙት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ልጅ ሙባረካና የእኔዋ ማርቲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። በመስከረም ግን ማርቲ ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ሙባረካ አምስተኛን ትደግማለች፤ የተሰጣት ካርድ እንደዚያ ይላል። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማስታወቂያው። ከሰኞ ሰኔ 7 ጀምሮ የኮሮና ምርመራ ውጤት ያልያዘ ተማሪ ወደ ፈተና ክፍል እንደማይገባ የሚገልጸው ማስታወቂያ የተለጠፈው ዓርብ ሰኔ 4 ቀን ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ልጆቹ ቤታቸው ገብተው መክሰሳቸውን ከበሉ በኋላ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ሲማሩ ያልታወሰው በሽታ በፈተናው ዋዜማ ትዝ ማለቱ በወቅቱ አናዶኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ረጅም ጊዜ ቢሰጡን ረጅም ጊዜ እንጨነቅ ነበርና አዝነውልን መሆኑ ገባኝ፤ ለርኅራኄዎ አመሰግናለሁ። ቴሌግራም የሌላቸው ወላጆች ወሬውን የሰሙት ከባጃጅ ሾፌሮች ስለነበረ፣ አንዱ ምርመራ ሲል ሌላው ክትባት እያለ፣ የሰማውም ያልሰማውም ቅዳሜ ሲነጋ በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተገኘ። በሽታን ለመከላከል ተብሎ ያን ያህል ሕዝብ በዝናብ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ እንዲቆም ማድረግ የማንም ርእሰ መምህር ችሎታ አይደለም።

2ኛ. ስለ ማሻሻያው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወረፋው ጤና ጣቢያውን ዞሮ መንገድ በደረሰበት ሰዓት፣ ውጤቱ ወላጁ የቀበሌው ነዋሪ ስለመሆኑ ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ካልቀረበ ተቀባይነት እንደሌለው፣ የቀበሌው ጸሐፊም እስከ አራት ሰዓት ብቻ እንደሚጠብቁ በቴሌግራም አሳወቁን። በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ መገኘት የሚችል ወላጅ ብቻ ልጁን ማስፈተን ይገባዋል የሚለው አስተሳሰብ በየትኛው መመሪያ እንደሚገኝ ባላውቅም፣ እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው ካወጣው መሠረት ይኖረዋል ብዬ ተቀብያለሁ። እኔ ለንግድ ፈቃድ እድሳት ያወጣሁት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስሁም። ወይዘሮ ሀፍሳ አልነበራቸውም።

3ኛ. ስለ ወረፋው። ይህን ቁጥር በእርስዎ ላይ ቅሬታ አድርጌ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ጤና ጣቢያው ዘበኛ ጨካኝነት፣ ሁለተኛው ስለ መመርመሪያ እጥረት ነበር፤ ሁለቱም ጥሩ ተደርገው የተጻፉ ነበሩ። የቀረው እውነቱን መጻፍ ነው።

በእኛ ከተማ ወረፋ በድንጋይ እንደሚያዝ እርስዎም ያውቃሉ። ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የማን እንደሆነ እያስረዳ ይጠብቅለታል። የተጻፈ ሕግ ባይሆንም በዘይት ወረፋ፣ በመታወቂያ ወረፋ፣ በሁሉም ቦታ ሠርቶልናል። ወይዘሮ ሀፍሳ የንጋት ሶላታቸውን እንደጨረሱ ወጥተው ለራሳቸው አንድ ድንጋይ አስቀመጡ፤ እኔ እንቅልፋም መሆኔን ስለሚያውቁም ከኋላቸው ለእኔ ሌላ አስቀመጡልኝ። እኔ ስደርስ ከኋላዬ አርባ ሰው ነበር። ያ ቦታ የእኔ የሆነው በእሳቸው ቸርነት ነው።

የቀበሌ ደብዳቤ አምጡ የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ ድንጋያቸውን ለእኔ አደራ ብለው ሄዱ። ሲመለሱ ሙባረካን ከሱቅ ይዘዋት እንደሚመጡ ነግረውኝ በዝናቡ ውስጥ ሮጡ።

ከዚያ ሲስተር ትሁት የተባለች ነርስ ወጥታ ለዕለቱ የደረሰው መመርመሪያ ሠላሳ ብቻ እንደሆነ፣ አንዱ ለአንድ ልጅ እንደሆነ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በካፊኖኖ አስረዳችን። ቆጠርሁ። የወይዘሮ ሀፍሳ ድንጋይ ሃያ ዘጠነኛ ነበር። ማርቲ ሠላሳኛ ነበረች። አብነት ሠላሳ አንደኛ ነበር።

ዘበኛው በከዘራው ድንጋዩን ነካ አድርጎ «ይሄ የማነው?» አለ። ልጆቼ ከሌሎች ልጆች ጋር ክፈፉ ሥር ተጠልለው ነበርና አይሰሙም። ዘበኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባለቤት የለውም ወይ?» ሲል ሁለተኛ ጠየቀ። እኔ በዚያን ጊዜ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ማሳሰቢያ አነብ ነበር። እጅን በሳሙና ቢያንስ ለሃያ ሰከንድ፣ በጣቶች መካከል ጭምር ይላል፤ እስከ ታች አነበብሁት። ዘበኛው ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ከተተው፤ እኔም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

ክብርት ሆይ፣ ያ ዘበኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጠይቋል። እርስዎ እኛን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁንም፤ ይህን ግን ራሴን ነጻ ለማውጣት እንደማልጠቅሰው ይወቁልኝ፤ ማስታወቂያው የእርስዎ ቢሆንም ዝምታው የእኔ ነው።

ወይዘሮ ሀፍሳ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ሙባረካን በእጃቸው ይዘው፣ ሁለቱም በስብሰው ሲደርሱ ሠላሳዎቹ አልቀው ነበር። እኔም ዘበኛው ድንጋይ አናውቅም ብሎ እንደጣለው፣ ብነግረውም እምቢ እንዳለኝ ነገርኋቸው። «ምን ታደርገው ኢሳያስ፣ አንተማ የቻልከውን አድርገሃል» አሉኝ። ይህን ቃል ከሰማሁ ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ይመጣብኛል።

4ኛ. ስለ ሰኞና ስለ ማክሰኞ። ሰኞ የሂሳብ፣ ማክሰኞ የሳይንስ ፈተና ነበር። ሙባረካ በሁለቱም ቀን ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ እርሳሷን ቀርጻ መጥታ ከበር ተመልሳለች። ዩኒፎርሙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እንድታድግበት ብዬ እጅጌውን አርዝሜው ነበር። ሰኞ ቤቷ አልሄደችም፤ የሥራ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ማርቲ ከፈተና እስክትወጣ ጠበቀችና ምን ምን እንደመጣ ጠየቀቻት። ማርቲ ጥያቄዎቹን እያስታወሰች ነገረቻት፤ ሙባረካም እርጥቡ መሬት ላይ በእንጨት ሠርታ አሳየቻት። አንዱን ማርቲ ተሳስታው ነበር፤ ሙባረካ አረመቻት። እኔ ክር የማስገባ መስዬ አጎንብሼ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ግን በመመርመሪያ እጥረት ምክንያት ግዴታው ለጊዜው መነሣቱን ለጠፉ። በሰኞ ያን ያህል አደገኛ የነበረ በሽታ በረቡዕ ሥነ ሥርዓት ይዞ ስለተገኘ ደስ ብሎናል። ሙባረካም የቀሩትን ፈተናዎች ተፈተነች፣ ጥሩ ነጥብም አመጣች፤ ሁለቱ ዜሮዎች ግን አማካይ ውጤቷን ጎትተው አወረዱት።

5ኛ. ስለ መልስዎ። ወይዘሮ ሀፍሳ ልጃቸው ሁለቱን ፈተና በድጋሚ እንድትፈተን ላቀረቡት ማመልከቻ በቁጥርና በቀን የሰጡትን መልስ አይቻለሁ፤ ሱቃቸው ውስጥ ከሚዛኑ ኋላ ሰክተውታል። «ወላጅ በራሳቸው ቸልተኝነት በተሰጠው ጊዜ ምርመራ ባለማስደረጋቸው ጥያቄውን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። አጻጻፉ ያማረ ነው። የተሰጠው ጊዜ የሚለውን ሐረግ ሳነብ ግን ከዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ቅዳሜ አራት ሰዓት ያለውን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ።

ቸል ያለ ወላጅ መኖሩን አልክድም። ስሙን ነው የተሳሳቱት። ወይዘሮ ሀፍሳ ሳይነጋ ተነሥተው ለራሳቸውም ለሰውም ወረፋ ይዘዋል፤ እርስዎ ባዘዙት ሰዓት የታዘዙትን ወረቀት አምጥተዋል። አደራ የበላው ጎረቤታቸው ነው። እኔ ነኝ።

የሚያሳፍረውን ሁሉ ከተናገርሁ አይቀር አንድ ልጨምር። ያን ሁሉ ያደረግሁት አብነት እንዳይደግም ብዬ ነበር። ካርድ የተሰጠ ዕለት መምህሩ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሁለተኛ ክፍል ላይ ማንም ልጅ እንደማይደግምና አብነት ባይፈተንም ያልፍ እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። አብነት በፈተናው ቀን ሲፈተን የዋለው ላም ቀለም መቀባት ነው። አረንጓዴ ቀብቷታል።

ባለፈው ማክሰኞ ኢድ ነበር። ሥጋው ለእኛ እንደማይሆን ስለሚያውቁ ወይዘሮ ሀፍሳ እንደ ወትሮው ለልጆቹ ሙዝና ብስኩት ላኩ። ባለቤቴ ላቀች ሰሐኑን ይዤ እንድመልስ ብታዘኝ እግሬ አልሄድ አለ። በማግስቱ ነገሩን ለእሷ ነገርኋት። ላቀች ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰሐኑ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ፣ በፋይሉ ላይ የወላጅ ቸልተኝነት ተብሎ የተመዘገበው ተሰርዞ፣ ሙባረካ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የሂሳብና የሳይንስ ፈተናዋን እንድትወስድ እንዲፈቅዱላት ነው። ምስክር ካስፈለገ ሲስተር ትሁትንም ዘበኛውንም ይዤ እቀርባለሁ፤ ቅጣት ካስፈለገም እኔ አለሁ። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም እንዳልሰፋ ቢወስኑ አልከራከርም። ደንብ አይፈቅድም የሚሉኝ ከሆነ ግን፣ በአንድ ሌሊት የሚወጣና በሦስት ቀን የሚነሣ ደንብ ያለው ቢሮ ለአንዲት ልጅ ሁለት ሰዓት ይቸግረዋል ብዬ ለማመን እንደሚከብደኝ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ለማስታወቂያዎ አጭርነት፣ ለማሻሻያዎ ፍጥነት፣ ለመልስዎ ማማር ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽሁ፣ የሰውን ልጅ ቦታ ወስዶ ልጁን ያስፈተነ፣ ከእርስዎ እንደሚሻል ለመናገር አፍ የሌለው፣ ነገር ግን ከእርስዎ ቀድሞ ጥፋቱን ያመነ ታዛዥዎ ነኝ።

ኢሳያስ ገብረ ማርያም
ልብስ ሰፊ፣ የማርቲና የአብነት አባት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሀፍሳ
ለተማሪ ወላጆች በሙሉ

በኋላ የተጨመረ፤ ሐምሌ 19

ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ሰሐኑን ይዤ ሄጄ ለወይዘሮ ሀፍሳ አነበብሁላቸው። ለካ ያውቁ ኖሯል። በወረፋው ከኋላዬ ከነበሩት ሴቶች አንዷ በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨው ልትገዛ ገብታ ሁሉንም ነግራቸው ነበር። «አንተ ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁህ ነበር» አሉኝ። ስድስት ሳምንት፣ ኢዱን ጨምሮ። ደብዳቤውን ለጥፈው አሉኝ፤ የጠየቁኝ ነገር ቢኖር ማርቲ ከሰሌዳ ላይ ከማንበቧ በፊት ከእኔ አፍ እንድትሰማ ብቻ ነው። ሁለት ቀን የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ተለጥፎ ካዩት ማርቲ ሰምታለች ማለት ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን መንገር እንዴት እንደሚከብድ ለእርስዎ መግለጽ አልችልም፤ ግን ይቻላል። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ እንደወረደ አቀርብልዎታለሁ። «ታዲያ ሙባረካ መቼ ነው የምትፈተነው?»