አሸዋ ላይ የተሠራ እርከን

ሐሙስ፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ የሥራ ሺፍት አለኝ፣ ቶሎ ልበል። ዛሬም በፓርኩ በኩል ዞርኩ። ባሕሩ ሌሊቱን ደግሞ ዳርቻውን ገምጦታል። ሣሩ ጫፍ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። የማዘጋጃው ካውንስል ገመድ ወጥሮበታል። የባሕር ዳርቻውን የምትከታተለው የካውንስል ሠራተኛ፣ ሊን፣ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ነግራናለች፦ አሸዋ አምጥተው ይደፋሉ፣ ሣር ይተክሉበታል፤ ያ ካልያዘ የፓርኩ ሜዳ ይዘጋል። ከተዘጋ ዒዳችን የት ሊሆን ነው? ፍሌሚንግተን ፎቅ ላይ ተጨናንቀው የሚኖሩት የወገኖቻችን ልጆች በዓመት ሁለቴ እንደልብ የሚሮጡት እዚህ ነው። ቦታውን ከካውንስሉ ቡክ የማደርገው፣ ቀድሜ የማስይዘው፣ ደግሞ እኔ። ጨንቆኛል።

አባባ ከወሎ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው። እርከን ለምን አይሠሩለትም ይላሉ። ሳቅ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ማታ

ጉድ ፈላ። ከሥራ ስገባ አባባ የሉም። ጋሼ ሰይድ፣ የመስጂድ ጓደኛቸው፣ በፒክአፕ ወስደዋቸዋል። ፓርኩ ሄድኩ። ሁለት ሽማግሌ ገመዱን ተሻግረው፣ የተናደው ዳርቻ ላይ ድንጋይ ደርድረው እርከን ሠርተዋል። ድንጋዩ ከጋሼ ሰይድ ጓሮ። ደግሞ ማማሩ! አባባ ዕድሜ ልካቸውን በየበጋው የእርከን ዘመቻ የወጡ ሰው ናቸው።

ክው አልኩ። ሊን ያለችው ትዝ አለኝ፦ ድንጋይ ማዕበሉን መልሶ ይገፋዋል፣ ማዕበሉም ሲመለስ አሸዋውን ከሥር ጠርጎ ይሄዳል። ነገርኳቸው። ጎርፍ ጎርፍ ነው ልጄ ብለው ዝም አሰኙኝ። አባት ላይ አይጮህ። ተናድጄ ወጡን አሳረርኩት።

የእኛ ሰዎች መሆናቸው ከታወቀ ለዒድ ይፈቀድልናል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

እሑድ

አባባን ይዤ ሄድኩ። ውኃው ሌሊት ከፍ ብሎ መጥቶ ነበር። ከእርከኑ ሥር አሸዋው ተቦርብሯል። ድንጋዩ ግማሹ ተንዷል። ሜዳው ከጎን በኩል ደግሞ ተገምጧል። አባባ ጎንበስ ብለው የተቦረቦረውን በእጃቸው ዳሰሱት። በኋላ፣ የእኛ አገር ጎርፍ አንዴ ወርዶ ይሄዳል፣ ይሄ ግን ይመላለሳል አሉ። ፊታቸው አሳዘነኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ለሊን መልእክት ላክሁ።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ሊን መጣች። አፌን ሳልከፍት አባባ ቀደሙኝ፦ እኔ ነኝ፣ ጓደኛዬንም ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ በያት። ተረጎምኩላት። አልተቆጣችም። የአሸዋው መኪና ከመምጣቱ በፊት ድንጋዩ ይነሳ፣ ሁለተኛ ሳይጠይቁ እንዳይሠሩ አለች፤ በቃ። ስለ ዒዱ በቀጭን ድምፅ ጠየቅኋት። ግራ ገባት። ሜዳው ከዳነ ማን ይከለክላችኋል አለችኝ።

እፎይ። አልሐምዱሊላህ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅሁ።

ማታ። ድንጋዩን ከጋሼ ሰይድ ጋር ሦስታችን አንስተን ጨረስን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኳቸው። አባባ ሳቁ። ወገቤ የለም።

ቅዳሜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

አሸዋው ተደፍቷል። ዛሬ የሣር ተከላ። አባባ ተንበርክከው ይተክላሉ፣ በየመሀሉ ሊንን በእጃቸው ምልክት ይጠይቃሉ፦ እንዲህ? የጋሼ ሰይድ የልጅ ልጆች በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል፣ እሳቸው በአማርኛ ያዟቸዋል። ይግባባሉ። እኔ ሻይ አመላልሳለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ገና አላመንኩም። ትንበያው ኃይለኛ ነፋስ እየመጣ ነው ይላል።

ረቡዕ፣ ማለዳ

ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ። እንቅልፍ የሚባል የለም። አባባ ሱብሒ ሰግደው፣ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ጠበቁኝ። አብረን ሄድን።

አሸዋው አለ። ሣሩ ጎንበስ ብሏል እንጂ አለ። ሊን ቀድማን ደርሳለች፣ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ትስቃለች። ዘንድሮ ሜዳው አይዘጋም አለችን። ልተረጉምላቸው ወደ አባባ ዞርኩ። ገብቷቸዋል፣ አልጠበቁኝም፤ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።

እዚያው ቆሜ ሜዳውን ለዒድ በስልኬ ቡክ አደረግሁ። ፍሌሚንግተን ፎቅ ያሉት እናቶች ጋ ደወልኩ። አልነቁም። መልእክት ተውኩ፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።