በፕላስተር ስለታከመው የአምቡላንሳችን መብራት

ለተከበሩ አቶ ህሩይ
የጤና ጣቢያችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ እንዴት ነው? የእርስዎ ጤና የአምቡላንሱ ጤና፣ የአምቡላንሱ ጤና ደግሞ የልጄ የሩሐማ ነፍስ ስለሆነ፣ ሳልሰለች በየቀኑ እጸልይልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምባል፣ ምናልባት ሲገቡ ሲወጡ ቆም ብለው ያነቡልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ ዘርፈሽዋል ነኝ፤ በገበያው በር ለጫት አይሱዙዎች ሸራ የምሰፋዋ። ልጄ ሩሐማ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን በቀዶ ጥገና ስለወለደች፣ ምጥ እንደጀመራት አንድም ደቂቃ ሳትቆይ ቺሮ ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት፣ ከዘገየች የድሮው ስፌት ከውስጥ ሊተረተር እንደሚችል አዋላጇ ሲስተር እየሩስ እቅጩን ነግራናለች። ስፌት እንጀራዬ ነውና መተርተር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። ቀድመሽ ለምን ቺሮ አትወስጃትም እንዳይሉኝ፣ እዚያ የሚያስጠጋን ዘመድ የለንም፤ የፊተኛውም ልጅ ቢሆን ከተባለው ቀን ቀድሞ ድንገት ነው የመጣው። እንግዲህ ከፈጣሪ ቀጥሎ ተስፋችን አምቡላንሱ ስለሆነ፣ ለእሱ ያደረጉለትን እንክብካቤ እንደሚከተለው በቁጥር እየዘረዘርኩ አመሰግናለሁ።

፩ኛ. መኪናውን እንደ ልጅዎ ስለወደዱት አመሰግናለሁ። የወንበሩ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተገፈፈም፤ ጎማው በየቀኑ ይታጠባል። እንዳይደክም ብለው ያለ ከባድ ጉዳይ ከከተማ እንዳይወጣ፣ ሲወጣም ከአርባ በላይ እንዳይነዳ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባትሪው እንዳይሞት ግቢ ውስጥ ተነስቶ ትንሽ አጉረምርሞ እንዲጠፋ አዘዋል። እኛም ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ማለት ይሄ ነው ብለን አጨብጭበናል። ባለፈው ወር ሩሐማን ለክትትል ቺሮ ስንወስዳት ግን የቁኒ ዳገት ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሹፌሩ ሮቤል ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጥም መኪናው ዝም አለ፤ ጫት የጫኑ አህዮች እየተገላመጡ አለፉን። ልጄ ያን ቀን ምጥ ላይ አልነበረችም፤ ብትሆንስ ኖሮ ብዬ ሳስበው አሁንም ያበላሸሁትን ስፌት ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ።

እንደምንም ተንፏቀን ቺሮ ስንደርስ፣ ራሱን ከሐኪም የማያሳንሰው መካኒክ መስዑድ ኮምፒውተሩን ሰክቶ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ካለው ማጣሪያ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ማጣሪያው በናፍጣ ጥላሸት ድፍን ብሏል አለን። ወላሂ ይሄ መኪና ያመመው ሥራ ሳይሆን እረፍት ነው፣ አቦ አስሩጡት እንጂ፣ ብሎ ጮኸብን። እንደ እሱ አነጋገር ጥላሸቱ የሚቃጠለው መኪናው ረጅም መንገድ በደንብ ሮጦ ሲግል ነው፤ አጭር አጭር እየሄደ፣ ቆሞም እያጉረመረመ ከዋለ እየተጠራቀመ ይደፍነዋል፤ ያኔ ሞተሩ እንዳይጎዳ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ለእርስዎ በስልክ ሲነግርዎ ከአጠገቡ ቆሜ ስለነበር፣ አልሰማሁም እንደማይሉኝ አምናለሁ።

፪ኛ. ለጥበቃው ለተስፋዓለም ስለሰጡት ምስጋና እኔም አመሰግናለሁ። ማጣሪያው አልፎ አልፎ እንደምንም ግሎ ጥላሸቱን ማቃጠል ሲጀምር ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ተስፋዓለም ታዲያ መኪናው ሊነድ ነው ብሎ እየሮጠ ያስጠፋዋል፣ ከሥሩም በጄሪካን ውኃ ይደፋበታል። እርስዎም የመንግሥት ንብረት ከእሳት አዳነ ብለው በሠራተኛ ፊት አስጨበጨቡለት። ምስኪኑ ማጣሪያ ራሱን ሊያጸዳ በሞከረ ቁጥር እንደ ወንጀለኛ ውኃ ተደፋበት። ተስፋዓለምን አልወቅሰውም፤ ሰው ያልነገሩትን ከየት ያውቃል?

፫ኛ. መስዑድ ያቀረበውን ሐሳብ በጥንቃቄ ስለመረመሩ አመሰግናለሁ። እሱ ያለው፣ መጀመሪያ ጥላሸቱን የሚያበዛው ሌላ ብልሽት፣ ለምሳሌ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ እንዳለ ይታይ፤ ከዚያ መኪናው እንደቆመ ጥላሸቱ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይቃጠል፤ እምቢ ካለ ማጣሪያው ወጥቶ በራሱ መድኃኒት ይታጠብ፣ ከኋላ በአየር ይነፋ፣ በደንብ ይድረቅ የሚል ነበር። ክቡርነትዎ ግን የአምቡላንስ ዕቃ በማንም ጋራዥ አይፈታም ብለው መኪናውን አስመለሱ። ከዚያ እዚሁ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አስፈትተው፣ በኦሞና በጎማ ውኃ አሳጥበው፣ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ አስገጠሙት። መኪናው ሲነሳ ከጭስ ማውጫው አረፋ ወጣ። የሰፈሩ ሕፃናት በጣም ተደስተው ነበር፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

፬ኛ. ከዚያም ከመሪው ፊት ያለው፣ ማጣሪያው ተደፈነ ብሎ የሚያስጠነቅቀው ቀዩ መብራት ተመልሶ ሲበራ፣ ሹፌሩን እንዳይረብሸው ብለው የቁስል ፕላስተር ስላስለጠፉበት አመሰግናለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ አለቀብኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ፍርሃት ብቻ ነው። እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ልጄ ከወንበር ስትነሳ ወገቧን ከያዘች ጫማዬን ፍለጋ እሯሯጣለሁ፤ እሷ ደግሞ እማ ምንም አልሆንኩም እያለች ትስቅብኛለች፣ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አያልፍም። አንድ ቀን ቡና ስትለቅም ድንገት፣ ያ ዳገት ስንት ኩርባ አለው ብላ ጠየቀችኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ድሮ ለሰው የምተርተው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ከአፌ ሊወጣ ሲል በእጄ እይዘዋለሁ። ግቢዎ ውስጥ የሚያብለጨልጨውን መኪና በአጥሩ ቀዳዳ ባየሁ ቁጥርም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እላለሁ፤ ተረት ላበዛሁብዎ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ሲጨንቀኝ አፌ አያርፍም።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። ፕላስተሩ ይነሳ፣ መኪናው ዛሬውኑ ወደ መስዑድ ይሂድና መፍትሔ ያግኝ፤ ከዚያ በኋላም ሮቤል በየጊዜው የቺሮን መንገድ እንደ ደንቡ እያስሮጠው ይመለስ። ቢቆሽሽ እኔ ራሴ መጥቼ አጥበዋለሁ። ወንበሩ ቢቀደድም ከሸራ የተሻለ ልብስ እሰፋለታለሁ፣ ይህን በአደባባይ ቃል ገብቻለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ በትሕትና ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የእርስዎን ዕድሜ ያርዝም፣ ወንበርዎን ያጽና፣ ስብሰባዎንም ያሳጥርልን እያልኩ፣ እስከ ዛሬ ላልሮጠው አምቡላንስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ታዛዥዎ፣
ዘርፈሽዋል፣ የሩሐማ እናት

ማስታወሻ፦ ምናልባት ብዬ፣ ጫት ወደ ቺሮ የሚያመላልሰውን አብዶን፣ ጭንቅ ከመጣ የአይሱዙውን ጋቢና ለሩሐማ እንዲለቅልኝ ልለምነው ትናንት ሄጄ ነበር። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ ቦታው ቀድሞ እንደተያዘ ነገረኝ። ያስያዙት እርስዎ ነዎት፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ዮሐና። የእሳቸውም ወር መግባቱን አላወቅሁም ነበር፤ በሰላም ይገላግላቸው፣ ከልቤ ነው። አብዶ ግን ምጥ ሁለቱን በአንድ ቀን ቢይዛቸው የቷን ልጫን ብሎ ጠየቀኝ። እባክዎ እርስዎ ይንገሩት።