ካዝና ውስጥ የተቆለፈው ገጽ 207

ለተከበሩ ሚስተር ኦርቪል ዴንተን
የኤልም ፎርክ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ሊቀመንበር
ኤልም ፎርክ፣ ነብራስካ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1961

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ የካዝናው ቁልፍ የተንጠለጠለበት የሰዓት ሰንሰለትዎም በመልካም ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋዬ ጽኑ ነው። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ ብቻ ከጁን ወር ወዲህ ልቤ ተነስቶ አልመለስ ብሎኛል። በአውቶቡስ ጣቢያው የትኬት መስኮት ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ይቆረቁረኛል፣ አንድ አውቶቡስ በወጣ ቁጥርም ሳላስበው ብድግ እላለሁ። ሦስት ጊዜ በግል ጽፌልዎ ሦስት ጊዜ በገዛ እጅዎ «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል መልስ ስለላኩልኝ፣ የአራተኛውን ድካም ላቀልልዎ ብዬ ደብዳቤዬን በከተማችን ጋዜጣ በኩል ልኬዋለሁ።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ግን ባጭሩ ልናገር። «ጎማና አቧራ» የተባለው ልብ ወለድ ሁለት ጢማቸውን ያልተላጩ ወጣቶች በአሮጌ የሬሳ መኪና ከአንዱ ውቅያኖስ እስከ ሌላው የሚከንፉበት፣ ወይን የሚጠጡበት፣ ጃዝ የሚሰሙበትና አንድም ቀን ሥራ የማይገቡበት መጽሐፍ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ በጀርባው ኪስ ባለው ካርድ ላይ ስማቸውን እየፈረሙ የተዋሱት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ በመንገድ ሲገናኙ የማይባባሉትን በገጾቹ ኅዳግ ላይ ሲባባሉ ሦስት ዓመት ቆይተዋል። በጁን መጀመሪያ ቦርድዎ «መጽሐፉ ተበላሽቷል፤ ሰውንም ያበላሻል» ብሎ ካዝና ውስጥ ቆለፈው፣ በኦክቶበር የመጀመሪያው ሰኞም እንዲቃጠል ወሰነ። እኔም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ካርዱን እንደ ማስረጃ ይዘው፣ የተዋሱትን ሁሉ በስም እየጠሩ በከተማው አዳራሽ ስለሰበሰቡን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ያን የመሰለ መዝናኛ ኤልም ፎርክ አይቶ አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪዋ ሚስስ ሃልዳ ብሩኔ ተነስተው፣ «እኔ እንኳ አላነበብኩትም፤ ግን ገጽ ሰማንያ ላይ ያለው ነገር ለሰው አይነገርም» ሲሉ፣ ገበሬው ክላይድ ማቶክ ከኋላ ሆኖ «ካላነበብሽው ገጹን ማን ነገረሽ እቴ?» አላቸው። እሳቸውም ዞር ብለው «ካርዱ ላይ ሁለቴ የፈረምከው አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። ወጣቷ መምህርት ሚስ ፊሊስ ኦዴል «እኔ ሳነበው መተንፈስ ቻልኩ» ስትል ደግሞ፣ አንዱ «ታዲያ መስኮት ይከፈትልሻ» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። መጽሐፉን የወደዱት እንዳላነበቡ ሆነው ተቀመጡ፣ የጠሉት በቃላቸው ወጡት። በመጨረሻም እርስዎ «እኔ ይህን መጽሐፍ በእጄ ነክቼውም ገልጬውም አላውቅም» ብለው ለመቃጠሉ ድምፅዎን ሲሰጡ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው ጋር ከመጣላት አንድ መጽሐፍ ማሰር ይቀልላል።

2. ከአጥፊዎቹ መካከል ቀንደኛው ባሌ አርቪድ ሊንድግሬን እንደነበር በውሳኔዎ ላይ በስሙ ስለጠቀሱት አመሰግናለሁ። እውነት ነው። አርቪድ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነበርና መጽሐፉን እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሚጠላው፤ ሰባት ጊዜም ተውሶታል። በእርሳስ «ከዴንቨር እስከዚህ ስምንት ሰዓት ነው፤ ይሄ በአምስት የደረሰው በክንፍ ነው?» ብሎ ጽፏል። «ሞተሩ ዘይት አይፈልግም?» ብሎ ጽፏል። «መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ስለ መንገድ እንዲህ አያወራም» ብሎም ጽፏል። በአረንጓዴ ቀለም «አንተ ዘይቱን እይ፤ እሱ ሰማዩን እያየ ነው» እያለች የምትመልስለትን ሰው ግን ቦርድዎ ማን እንደሆነች ሊደርስበት ስላልቻለ፣ ድካሙን ለማሳጠር እኔ መሆኔን እዚህ ላይ አምናለሁ።

ክቡርነትዎ፣ አርቪድና እኔ ቤት ውስጥ ብዙ የምንነጋገር ሰዎች አልነበርንም። እሱ ከመንገድ ሲመለስ መንገድ የሚባል ቃል እንዲነሳበት አይፈልግም፤ እኔ ደግሞ ለሌላው ሁሉ መሄጃውን እየቆረጥኩ ከዚህ አውራጃ ወጥቼ አላውቅም። በማዕድ ላይ «ድንቹን አቀብይኝ»፣ «ጨው በዛበት» እንባባላለን፤ የቀረውን በዚያ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ፣ አንዳችን ስንመልስ ሌላችን እየተዋስን ተነጋገርን። አረንጓዴው ቀለም የትኬት መስኮቴ ቀለም መሆኑን ያውቅ ነበር። አንድም ቀን አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

3. በሜይ ወር መጨረሻ ገጽ 207 ላይ፣ ታሪኩ አልቆ ባዶ በሚቀረው ሥፍራ፣ «አርቪድ፣ ይህ ሁሉ ስህተት ከሆነ ትክክለኛውን አንተ አሳየኝ። ሁለት ትኬት ብቆርጥ፣ ሳትነዳ ከጎኔ ተቀምጠህ እስከ ውቅያኖሱ ትሄዳለህ?» ብዬ ጻፍኩለት። ተዋሰው። አንድ ሐሙስ እራት ላይ «መጽሐፉን መልሼዋለሁ፤ ተራሽ ነው» አለኝና ድንቹን መብላቱን ቀጠለ። ዓርብ ዕለት ከሥራ ወጥቼ ቤተ መጻሕፍቱ ስደርስ እርስዎ ቆልፈውት ነበር። ቅዳሜ የአርቪድ ልብ መንገድ ላይ ቆመች፤ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ ነው የሞተው።

ሐሙስ ማታ በአፌ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩትም፤ ደንባችን አልነበረማ። ይህን ይቅር ማለት ያቃተኝ ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጊዜ የለመንኩት መጽሐፉ እንዲፈታልኝ አይደለም፤ በእርስዎ ፊት፣ ከፈለጉም በሸሪፉ ፊት፣ አንድ ገጽ ገልጬ እንዳነብ ብቻ ነው። የሕዝብን ሥነ ምግባር ከአንዲት የሃምሳ አራት ዓመት ሴትና ከአንድ ገጽ ለመጠበቅ ያሳዩትን ጽናት ሳደንቅ እኖራለሁ።

4. አራተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ነገር ግን የሦስተኛውን ከጻፍኩ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።

ሁለቱን ትኬቶች ቆርጫለሁ። አውቶቡሱ ሴፕቴምበር 30 ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይነሳል፣ እኔም መልሱን ባውቅም ባላውቅም እሄዳለሁ። አርቪድ አዎ ብሎ ከሆነ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ፤ እሱ እግሩን የሚዘረጋበት ይወድ ነበርና በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር እተውለታለሁ። አይሆንም ብሎ ከሆነ በወንበሩ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ ስጣላው እሄዳለሁ። ሳላውቅ ከሄድኩ ግን ያን ሁሉ መንገድ የት እንደምቀመጥ አላውቅም።

ለከተማችን ንጽሕና ያለዎት ትጋት ለሰከንድም እንዳይቀንስ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ የተዘጋሁት ታዛዥዎ፣

ኮራ ሊንድግሬን
የአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ሻጭ

ማስታወሻ፦ ገጽ 63 ላይ፣ ወጣቶቹ ከተማቸውን ጥለው ከሚወጡበት አንቀጽ ጎን፣ አንድ ሰው በሰማያዊ እርሳስ «እኔንም ውሰዱኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሰውየውን በስም አልጠራም፤ ካርዱ ላይም የፈረመው በራሱ ሳይሆን በባለቤቱ ስም ነው። በመስኮቴ በኩል ጭነት ሲልክ ቅጹን የሚሞላበትን የእጅ ጽሑፍ ግን ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ዘንድሮም ሦስት ደብዳቤ ስለጻፈልኝ አልረሳሁትም። እርስዎ መጽሐፉን ገልጠውት ስለማያውቁ ይህን ሊያውቁ አይችሉም፤ ሰውየውን ካገኙት ግን ይንገሩልኝ። ሰው እንዳያይበት አዝኜለት በኤፕሪል ወር በላጲስ አጥፍቼለታለሁ። ካዝናው ውስጥ የእሱ የሆነ ነገር የለም፤ ያለው የባሌ መልስ ብቻ ነው።