በየሰዓቱ የሚደወለው ስልክ

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለልጆቼ አባት፣

እንዴት ነህልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ከጎረቤት ልጀምርልህ። የቦይለር ሠራተኛው ጎረቤታችን፣ የጣቢያው አንደኛው የጭስ ማውጫ መጨስ ካቆመ ወዲህ ሳሉ ቀለል ብሎታል። ትልቋ ልጁም ሴት ልጅ ተገላገለች። ሚስቱ፣ "ከሰሉ ቢቀጥል ኖሮ ይሄን ሰውዬ አያት ሳይሆን እንቀብረው ነበር" እያለች ትስቃለች። ሐሙስ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነው። እንግዲህ ከግድግዳው ወዲያ የሚያስልልኝ ሰው እንኳን የለም።

የከሰል ኃይል ማመንጫ ጣቢያችን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። በሱ ፋንታ፣ አሁን እንደተጀመረው፣ ከድንበር ማዶ ያሉት በንፋስ የሚያመነጩት መብራት በመስመሩ ወደኛ ይመጣል፤ ንፋሱ ሲተኛ ደግሞ እኛ ከግድባችን እንልካለን። እሳት እንደሚጫጫሩ ጎረቤቶች ሆነናል። ደግ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። አንተም "ማዶ ያሉትን የመቆጣጠሪያ ክፍል ሰዎች ላለማምድ፣ ለስድስት ወር" ብለህ ሄድክ፤ ይኸው ዓመት ከአምስት ወር። ደብዳቤህ ከቀረ እንኳ አራት ወሩ።

ትናንት አስተናጋጇ ስለቀረች ከምሠራበት የሠራተኞች ክበብ ማድ ቤት ራሴ ሻይ ይዤ መቆጣጠሪያ ክፍል ገባሁ። በየሰዓቱ የሚደወለው ስልክ ጮኸ። ተረኛው ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። አንተ ነህ!

"ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መቶ ሃያ ሜጋዋት እንልካለን።"

"ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መቶ ሃያ" ብሎ ደገመልህ።

"ልክ ነው" አልክ።

ትሪውን እንደያዝኩ አፌን ልከፍት ስል ተረኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ስልኩ ሳይዘጋ አንዲት ሴት ከኋላህ በነሱ ቋንቋ የሆነ ነገር አለችህ። ሳቅክ። ከዚያ ተዘጋ።

"ይቅርታ እትዬ፣ ንግግሩ ይቀዳል" አለኝ። "ከቁጥር ሌላ ቃል ከወጣን ይጠይቁናል።"

"ሳቅስ ይፈቀዳል?" አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ሻዩም ሳይነካው ቀዘቀዘ።

ሴትዮዋ መቼም እንደኔው ሻይ የምታቀርብ ትሆናለች። እንኳንም የሚያስቅህ ሰው አገኘህ። ድምፅህ ግን ጎርነን ብሏል፤ አንገትህን ሸፈን አድርግ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣቢያው ሲዘጋ ይሄን ቤት እንለቃለን። በአዲሱ ማከፋፈያ ጣቢያ ግቢ ለባልና ሚስት ሁለት ክፍል፣ ለብቸኛ ሰው አንድ ክፍል ይሰጣል። ልጆቹ "እኛ ጋ ነይ" ይሉኛል፤ ታዲያ አንተ ስትመጣ የት ልትገባ ነው? የምትመጣ እንደሆነ እስከሚመጣው ዓርብ ጻፍልኝ። የማትመጣ ከሆነም ጻፍ።

ንፋሱም ሰዉም ደግ ይሁንልህ። በሄድክበት መንገዱን ያቅናልህ።

የልጆችህ እናት

ደብዳቤውን ሳላሽገው የአዲሱ ግቢ ቤት መዝጋቢ መጣ። "ስንት ናችሁ?" አለኝ። "ሁለት" አልኩት። "ሁለተኛው ሰው መቼ ይገባል?" ፖስታውን አገላበጥኩ። ልጁ ጨዋ ነው፤ እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ እርሳስ አወጣና፣ "ግድ የለም እትዬ፣ ለጊዜው በእርሳስ ልጻፈው" አለኝ።